የቅርበት ዳሳሽ እና የሳሎኑ አምፖል

ለደንበኞች አገልግሎት ደውለው «ለአማርኛ 1ን ይጫኑ» ሲባሉ ስልኩን ከጆሮዎ ያነሳሉ፤ ስክሪኑ ግን እንደጨለመ ይቀራል። ቢነኩትም ቢጫኑትም አይበራም። ሌላ ጊዜ ደግሞ ነገሩ ይገለበጥና፣ እያወሩ ሳለ ስክሪኑ ሳይጠፋ ቀርቶ ጉንጭዎ ድምፅ ማጉያውን ይከፍታል ወይም ጥሪውን ይዘጋል። ሁለቱም የአንድ ዕቃ ጣጣ ናቸው። የሞባይል ጠጋኞች «ፕሮክሲሚቲ» ወይም በደፈናው «ሴንሰሩ» ይሉታል፤ እኛ የቅርበት ዳሳሽ እንበለው።

ስያሜው ትንሽ ያሳስታል፤ ዕቃው የሚዳስሰው ነገር የለም። «ቅርበት ጠቋሚ» ቢባል ለሥራው ይቀርብ ነበር፤ ግን ጠቋሚ የሚለውን ኮምፒውተር ላይ ለምትንቀሳቀሰዋ ቀስት ሰጥተነዋል። ለሴንሰር ዳሳሽ ማለት ደግሞ እየተለመደ ነው፤ በዚያው መቀጠሉ ይሻላል።

ቦታው ብዙውን ጊዜ በስልኩ አናት፣ የደዋዩ ድምፅ ከሚሰማበት ቀዳዳ አጠገብ ነው። ከጥቁሩ መስታወት ሥር ላኪና ተቀባይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ላኪው ትንሽ ኤልኢዲ ሲሆን ታህተ ቀይ ወይም ኢንፍራሬድ የሚባለውን ብርሃን ይረጫል። የሞገዱ ርዝመት በአብዛኛው 850 ወይም 940 ናኖሜትር ነው፤ የሰው ዓይን ደግሞ ከ700 ናኖሜትር ገደማ በላይ ያለውን አያይም ማለት ይቻላል። ጆሮ ወይም ጉንጭ ሲጠጋ ብርሃኑ ነጥሮ ወደ ተቀባዩ ይመለሳል። የተመለሰው መጠን ከተወሰነ ልክ ካለፈ ስልኩ «ቅርብ» ብሎ ስክሪኑን ያጠፋል። ብዙዎቹ ስልኮች ርቀቱን በትክክል አይለኩም፤ 5 ሴንቲሜትር አካባቢ ላይ «ቅርብ» ወይም «ሩቅ» ብለው ይፈርዳሉ፣ በቃ። ጆሮ ይሁን መዳፍ ወይም የቆሸሸ መስታወት ለእነሱ ለውጥ የለውም።

የቤት መብራት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ተቀባዩ የሚያየውን ታህተ ቀይ ብርሃን የሚረጨው ላኪው ብቻ አይደለም። ፀሐይ አለች። የድሮው ባለ ክር አምፖልም ከሚወስደው ኃይል አብዛኛውን የሚያወጣው በዚሁ በማይታይ ብርሃንና በሙቀት መልክ ነው፤ ሃሎጅንም ዘመዱ ነው። ጫጩት አርቢዎች በቀይ አምፖል ጫጩት የሚያሞቁት በዚሁ ጠባዩ ነው። የዛሬው ኤልኢዲ አምፖል ግን በዚህ ረገድ ጭምት ነው፤ ታህተ ቀይ ብርሃን የሚያወጣው እዚህ ግባ የማይባል ነው። ስለዚህ ስልኩ መኝታ ቤት ደህና ሆኖ ሳሎን ሲገባ የሚያመው ከሆነ ቀና ብሎ አምፖሉን ማየት ነው።

አምራቾች ይህን ስለሚያውቁ ዘዴ አበጅተዋል። ዳሳሹ ብርሃኑን የሚልከው እያቆራረጠ ነው፤ ላኪው ጠፍቶ ሳለ የክፍሉን ብርሃን ይለካና ላኪው ሲበራ ከሚያገኘው ላይ ይቀንሰዋል። ዘዴው አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። የሚከሽፈው የውጭው ብርሃን በዝቶ ተቀባዩን ሲያጥለቀልቀው ነው፤ ያኔ የጆሮዎ ነጸብራቅ ከዚያ ሁሉ መሀል ተለይቶ አይታይም። በ50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ የሚሠራ አምፖል ደግሞ በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ስለሚል፣ በሁለቱ ልኬቶች መካከል ብርሃኑ ተቀይሮ ሒሳቡ ሊፋለስ ይችላል።

ታዲያ ጠጋኝ ዘንድ ከመሄድ በፊት ያንኑ ጥሪ በሌላ ክፍል፣ ወይም መብራቱን አጥፍቶ መሞከር ነው። ሳምሰንግ ያለው ሰው *#0*# ብሎ የመፈተሻውን ገጽ ከፍቶ በዳሳሾቹ ክፍል እጁን አስጠግቶ ማየት ይችላል፤ በሺያኦሚ ስልኮች ደግሞ *#*#6484#*#* ነው። ችግሩ ከክፍል ክፍል የሚለዋወጥ ከሆነ ጥፋቱ የብርሃኑ ነው። የትም ቢሄዱ አብሮዎት የሚዞር ከሆነ ግን አምፖሉን ይተዉት፤ ችግሩ ያለው ብዙውን ጊዜ መስታወቱ ላይ ነው።

በእኔ ግምት ብዙው ጥፋት የዚህ የመስታወቱ ነው። የፊት ቅባት፣ አቧራ፣ ወይም የዳሳሹን ቀዳዳ የሸፈነ መከላከያ መስታወት የላኪውን ብርሃን እዚያው አንጥሮ ይመልሰዋል፤ ስልኩም ጆሮ የተጠጋው ይመስለዋል። ስክሪን ካስቀየሩ በኋላ የጀመረ ከሆነ ላኪውንና ተቀባዩን የምትለየው ትንሽ ጎማ ሳትመለስ ቀርታ ይሆናል፤ ጠጋኙን ስለ እሷ መጠየቅ ነው። ስክሪኑ አልጠፋ የሚል ከሆነ ደግሞ ጥቁር ፀጉር ታህተ ቀይ ብርሃንን ስለሚውጥ፣ ጆሮ በፀጉር ሲሸፈን ወደ ተቀባዩ የሚመለሰው ሊያንስ ይችላል።

ይህን ሁሉ ለመሸሽ የሞከሩም አሉ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው የሺያኦሚ ሚ ሚክስ በብርሃን ፈንታ ጆሮ በማይሰማው ድምፅ ነበር ቅርበትን የሚያውቀው። እንዲህ ያለውን ስልክ አምፖል አያደናግረውም። የሌሎቻችን ስልክ እስኪጠገን ድረስ ግን ጥሪውን በድምፅ ማጉያ ወይም በጆሮ ማዳመጫ መቀጠል ይቻላል፤ በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ደግሞ በተደራሽነት ቅንብር ውስጥ የማብሪያ ቁልፉ ጥሪ እንዲዘጋ ማድረግ ይቻላል፣ ስክሪኑ ጨልሞ ቢቀርም ስልኩ ይዘጋል።