በሽታን ፈልጎ የሚቈጥር ሠራተኛ

ከሆሳዕና ተነሥቶ ወደ ዱራሜ፣ ወደ አንጋጫና ወደ ሾኔ የሚጓዝ ሰው እንደሚያየው፣ የሐድያና የከምባታ አገር ቤቱን እንሰት የከበበው፣ ሕዝቡም ተቀራርቦ የሰፈረበት ደጋና ወይና ደጋ ነው። መሬቱ ዝቅ እያለ ወደ ቢላቴ ወንዝ ሲወርድ ደግሞ ቈላው ይጀምራል። ደገኛውና ቈለኛው በገበያ ቀን ይገናኛሉ። ነገር ግን ቆጮና ቅቤ፣ እህልና ከብት በሚለዋወጡበት ሥፍራ ተላላፊ በሽታም ሳይጠራ ይገኛል።

እንግዲህ በአንድ መንደር ወረርሽኝ ሲነሣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ማን ነው? ብዙዎቻችን «ሐኪም ነው» እንላለን። መልሱ ስሕተት ባይሆንም ጐደሎ ነው። ሐኪም የሚያክመው ወደ እርሱ የመጣውን በሽተኛ ነውና፣ ያልመጣውን ፈልጎ የሚያገኝ፣ የሚቈጥርና በሽታው ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ የሚመረምር ሌላ ሠራተኛ ያስፈልጋል። ይህ ሥራ የበሽታ ቅኝት ይባላል።

በ1950 ዓ.ም. ክረምትና በተከታዮቹ ወራት ወባ ወደ ደጋው አፋፍ ወጥታ ሦስት ሚሊዮን ያህል ኢትዮጵያውያንን እንዳሳመመች፣ 150,000 ያህሉንም እንደ ገደለች ይገመታል። ይህን የሚያህል እልቂት እስከ ዛሬ በግምት ብቻ መነገሩ በየመንደሩ የሚቈጥር ሰው ስላልነበረ ነው።

በጥር ወር 1963 ዓ.ም. ግን የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከዓለም የጤና ድርጅት ጋራ ሆኖ ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ ጀመረ። ያን ጊዜ ከምባታና ሐድያ፣ ሆሳዕናን ዋና ከተማው አድርጎ፣ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር ያለ አውራጃ ነበር። አብዛኛው የአገራችን ሕዝብ ከመኪና መንገድ ርቆ ይኖር ስለ ነበረ፣ የዘመቻው ሠራተኞች በእግርና በበቅሎ ተጓዙ። በትምህርት ቤትና በገበያ ቆመው የበሽተኛ ሥዕል እያሳዩ «እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል?» ብለው ጠየቁ። አንድ በሽተኛ በተገኘ ጊዜም ማን እንደ ጐበኘውና ከማን እንደ ያዘው መርምረው፣ በዙሪያው ያሉትን ሁሉ ከተቡ።

ውጤቱ ምን ሆነ? እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1970 ከመላው ኢትዮጵያ ሪፖርት የተደረገው የፈንጣጣ በሽተኛ ቍጥር 722 ብቻ ሲሆን፣ በ1971 ግን 26,329 ደረሰ። መዝገቡን ብቻ የሚያይ ሰው ዘመቻው በሽታውን አባባሰው ሊል ይችላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ የበዛው በሽታው ሳይሆን የሚያየው ዓይን ነበር። ከዚህም የተነሣ ነሐሴ 3 ቀን 1968 ዓ.ም. በባሌ ዲሞ በምትባል መንደር የታየው የኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመም ሆነ። ሚያዝያ 30 ቀን 1972 ዓ.ም. ደግሞ ፈንጣጣ ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ።

የመንግሥት ሠራተኛ የሆንህ አንባቢ ሆይ፤ ይህ ታሪክ አንተንም ይመለከታል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ተረት ለአንድ ሰው ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ለወረዳም ለመሥሪያ ቤትም ይሆናል። «ቍጥሩ ከፍ ቢል እወቀሳለሁ» ብሎ ሪፖርቱን የሚያሳንስ ኀላፊ፣ ለጊዜው ስሙን ቢያድንም የጐረቤቱን ልጅ ለአደጋ ይሰጣል። እውነተኛውን ቍጥር የጻፈውን ጤና ረዳት የሚገሥጽ አለቃም በሚመጣው ሳምንት እውነቱን የሚነግረው አያገኝም።

ዛሬ በሆሳዕናም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል የጤና ተቋማት በየሳምንቱ የበሽታ ሪፖርት ይልካሉ። በሽተኛ ባልተገኘበት ሳምንት እንኳ «ምንም የለም» ተብሎ ይጻፋል እንጂ ቦታው ባዶ አይተውም፤ ዝምታና ጤንነት አንድ አይደሉምና። እንግዲህ ከገጠር ጤና ኬላ የመጣች አንዲት ወረቀት ጠረጴዛህ ላይ ብትደርስ፣ ከበስተኋላዋ በጭቃ መንገድ ቤት ለቤት የዞረ ሰው እንዳለ አስብ፤ ሳታሳድርም ወደሚመለከተው ክፍል አስተላልፋት።