ማሞ ወልዴ የተመለሰባቸው ዓመታት

ለሜክሲኮ አደባባይ ስም ያወጣለት ፖለቲካ ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ ወረራውን አንቀበልም ብለው ከጸኑት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ነበረች። አዲስ አበባ ውለታውን በአደባባይ ስም ከፈለች፤ በሜክሲኮ ሲቲም «ኢትዮጵያ» የሚባል አደባባይና የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አለ። ዛሬ ከጦር ኃይሎች ተነስቶ በልደታ የሚያልፈው የታክሲ ረዳት በር ላይ ተንጠልጥሎ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ሲል የሚታሰበው ወረፋና መጨናነቅ ነው። ሩጫ ለሚወድ ሰው ግን ስሙ አንድ ቀን ያስታውሳል፤ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም.።

በዚያ ቀን የክቡር ዘበኛው ማሞ ወልዴ የሜክሲኮ ሲቲን ኦሊምፒክ ማራቶን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አሸነፈ። ሁለተኛው የገባው ከሦስት ደቂቃ በኋላ ነው። አበበ ቢቂላ እግሩን ታሞ 17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ወጥቶ ነበርና የአገሪቱ ተስፋ ሁሉ በማሞ ላይ ወድቆ ነበር። ማሞ ከአንድ ሳምንት በፊት በ10,000 ሜትር ብር አግኝቶ ነበር። ዕድሜው 36 ነበር።

ብዙ ጊዜ የሚነገረው ይህ ወርቅ ነው። ከወርቁ በፊት ያሉት አሥራ ሁለት ዓመታት ግን የበለጠ ሊነገርላቸው ይገባል።

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ በገባችበት በ1949 ዓ.ም. ማሞ ሜልቦርን ላይ የሮጠው 800 ሜትር፣ 1,500 ሜትርና የ4 በ400 ዱላ ቅብብል ነበር። በአንዱም ከማጣሪያ አላለፈም። ሮም አልሄደም፤ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. አበበ በባዶ እግሩ ታሪክ ሲሠራ ማሞ ከቡድኑ ውስጥ አልነበረም። ከሜልቦርን ስምንት ዓመት ቆይቶ ቶኪዮ ላይ ሲመለስ ርቀቱን ለውጦ መጣ። በ10,000 ሜትር አራተኛ ወጣ፤ ማራቶኑን ግን ሳይጨርስ ቀረ። ከዚያ ደግሞ አራት ዓመት ጠበቀ።

የማሞ መንገድ ይህን ይመስላል፦ አጭሩ ርቀት እንደማይሆነው አይቶ ረጅሙን ያዘ፣ በአራተኛነት አልተከፋም፣ አቋርጦ በወጣበት ማራቶን ላይ እንደገና ቆመ። በአርባ ዓመቱም አልተወም። ጳጉሜ 5 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ አበበ ሮምን ባሸነፈ ልክ በአሥራ ሁለት ዓመቱ፣ ሙኒክ ላይ በማራቶን ነሐስ ወሰደ።

የአበበ መመለስ ደግሞ ከዚህም ይከብዳል። በ1961 ዓ.ም. መጋቢት ላይ በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። ከዓመት በኋላ እንግሊዝ ውስጥ በስቶክ ማንደቪል የአካል ጉዳተኞች ጨዋታ በቀስት ውርወራ ተሰለፈ። በ1963 ዓ.ም. ኖርዌይ ውስጥ በውሻ በሚጎተት የበረዶ መንሸራተቻ ውድድር አንደኛ ወጣ። የሚቻለው ነገር ሲቀየርበት ግቡንም ቀየረ፤ ውድድሩን ግን አልተወም።

ሩጫ ለረጅም ጊዜ እንደ ማሞና እንደ አበበ ያሉ የወታደርና የክለብ ሯጮች ጉዳይ ሆኖ ቆየ። ተራው የከተማ ሰው በብዛት ወደ አስፋልቱ የወጣው በኅዳር 1994 ዓ.ም. ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ሲጀመር ነው። ሐሳቡን ካመጡት አንዱ የሆነው ኃይሌ ገብረሥላሴ የመጀመሪያውን ውድድር ራሱ አሸነፈ፤ 10,000 ያህል ሰው ተመዝግቦ ነበር። በቅርብ ዓመታት ቁጥሩ ከ40,000 አልፏል። ርቀቱ 10 ኪሎ ሜትር ነው፤ የሚሮጠው ይሮጣል፣ የሚዘፍነው ይዘፍናል፣ የደከመው በእግሩ ይሄዳል።

ሩጫ ትቶ የቆየ ሰው በየዓመቱ የሚመለሰውም ይህን ቀን አስቦ ነው። ስህተቱም በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፤ የዛሬ አምስት ዓመት የነበረውን ጉልበት ይዞ ይነሳል። የመጀመሪያውን ጠዋት ከልደታ ማርያም እስከ ጦር ኃይሎች ሳያርፍ ይሮጣል፣ ሁለተኛውን ሳምንት ጉልበቱ አብጦ ቤት ይውላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ እዚህ ትንፋሽ ለማንም አያዳላም። አስፋልቱም ለለመደ እግር እንኳ ጠንካራ ነው።

ስለዚህ ከመስከረም ቀስ ብሎ የሚጀምር ሰው ችግር የለበትም፤ እስከ ኅዳር አሥር ሳምንት ያህል አለው። በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃዋል። አምስት ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ፣ እንዲህ እያፈራረቀ ግማሽ ሰዓት ይሙላ፤ ከጎኑ ካለው ሰው ጋር እያወራ መሮጥ ካቃተው ፍጥነቱን ይቀንስ። እርምጃውን በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየቀነሰ ሶምሶማውን ያስረዝም። ሕመም ወይም የቆየ በሽታ ያለበት አስቀድሞ ሐኪም ያማክር። የዘንድሮ ግቡ 10 ኪሎ ሜትሩን ሳይጎዳ መጨረስ ይሁን፣ ከአንድ ሰዓት በታች መግባትን ለከርሞ ያቆየው።