ሐብሐብ ከተጠበሰ አይብ ጋር፦ የቆጵሮስ ሴቶች የወተት እቁብ ታሪክ



በዚህ እትም የምናነሳው ጉዳይ ሲያዩት የምግብ አሠራር ይመስላል። ቀዝቃዛ ሐብሐብ ተቆርጦ፣ ናና ተበትኖበት፣ ትኩስ የተጠበሰ አይብ ከላይ የሚደረግበት የሙቀት ጊዜ ሰላጣ ነው። ከቤይሩትና ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የተመለሱ እህቶቻችን አይቡን በደንብ ያውቁታል፤ በየቀኑ ለቁርስ ሲጠብሱት የኖሩ አሉ። እኛ ግን ወደ ታሪኩ ስንገባ ያገኘነው ከምግብነቱ ያለፈ ነገር ነው። አይቡ ሃሉሚ ይባላል። የታወቀው በቆጵሮስ ደሴት ሲሆን፣ ለብዙ መቶ ዓመታት ያቆዩት በየመንደሩ ወተታቸውን እያዋጡ በተራ የሚሠሩ ሴቶች ናቸው። በማኅበራችን አንድና ሁለት ላም ይዘው በጾም ወራት ወተታቸው የሚተርፍባቸው አባላት ስላሉ፣ ታሪኩ ለእኛም የሚሆን ቁም ነገር አለው።

ስሙና ጥንተ ነገሩ

ቆጵሮስ በሜዲትራኒያን ባሕር ምሥራቃዊ ክፍል ያለች ደሴት ናት። መጽሐፍ ቅዱስን የምናነብ ሰዎች የሐዋርያው በርናባስ አገር መሆኗን እናውቃለን። ሃሉሚ የሚለው ስም «ሐሉም» ከሚለው የዐረብኛ ቃል ጋር ይዛመዳል፤ ዐረብኛውም በግብጽ ክርስቲያኖች በቅብጥ ቋንቋ አይብ ማለት ከሆነው «ሀሎም» የመጣ ነው ይባላል። በግብጽም ዛሬ በዚህ ስም የሚጠራ አይብ አለ። ለብዙ ዘመን ጳጳሳት ይመጡልን ከነበረበት አገር ቋንቋ የወጣ ቃል ዛሬ በዓለም የገበያ መደርደሪያ ላይ መታየቱ ይገርማል።

በጽሑፍ የተገኘው ማስረጃ ግን የ16ኛው መቶ ዘመን ነው። በዚያን ጊዜ ደሴቲቱን የምትገዛው ቬኒስ ነበረች (የቬኒስ አገዛዝ እ.ኤ.አ. ከ1489 እስከ 1571 ቆይቷል)። በዘመኑ አጋማሽ ስለ ቆጵሮስ የጻፉ ጣሊያናውያን «ካሉሚ» የሚባል የአገሬው አይብ መኖሩን መዝግበዋል። ከነዚህ አንዱ ኋላ በ1606 የቬኒስ መሪ የሆነው ሊዮናርዶ ዶና ነው። ከቬኒስ በኋላ ኦቶማኖች፣ ከ1878 ጀምሮ ደግሞ እንግሊዞች ደሴቲቱን ያዙ፤ በ1960 ነፃ ወጣች። ገዥዎቹ ሲለዋወጡ አይቡ በመንደር ቀረ። ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ ሃሉሚ፣ ቱርክኛ ተናጋሪዎቹ ሄሊም እያሉ ሁለቱም ይሠሩታል።

ወተቱን ማዋጣት

አንድ የቆጵሮስ የገጠር ቤት የነበረው ጥቂት በግና ፍየል ነው። ከጥቂት ፍየል በቀን የሚታለበው ወተት ትልቁን የመዳብ ጋን አይሞላም፤ ለማገዶውና ለድካሙም አይበቃም። ለአንድ ኪሎ አይብ 10 ሊትር ገደማ የላም ወተት እንደሚያስፈልግ ብናስብ ችግሩ ግልጽ ነው። የበግ ወተት ወፈር ስለሚል ያነሰ ይበቃል፤ ቢሆንም የአንድ ቀን እልበት ብቻውን ሥራ አይሆንም። ወተቱን ደግሞ በዚያ ሙቀት ማሳደር አይቻልም።

ስለዚህ ጎረቤታሞቹ ሴቶች በተራ ያዋጡ ነበር። ዛሬ ሁሉም ወተቱን ለአንዷ ይሰጣሉ፤ እሷ ጋኑን ጥዳ የሁሉንም ወተት አይብ አድርጋ ትወስዳለች። በማግስቱ ተራው የሌላዋ ይሆናል። የሰጠችው እየተለካ፣ የሚመለስላትም በዚያው ልክ ይሆናል። ይህ እንግዲህ ከእቁብ በምን ይለያል? እኛም አገር በገጠር ያሉ እናቶች ወተትና ቅቤ በተራ የሚሰባሰቡበት ልማድ አለን፤ በአንዳንድ አካባቢ ዊጆ ይባላል። በሒሳብ ዓይን ብናየው ሥራው ያለ ባንክና ያለ ወለድ የሚሠራ ብድር ነው። ዛሬ የሰጠሁሽ አንድ ማሰሮ ወተት በሚቀጥለው ሳምንት ይመለስልኛል። ሁሉም የሚቆመው በልኬታና በመተማመን ላይ ነው። ልኬታው ከተበላሸ እቁቡም ይፈርሳል።

አሠራሩና ምሥጢሩ

ሃሉሚ ሲጠበስ የማይቀልጠው ለምንድን ነው? መልሱ በአሠራሩ ውስጥ ነው። ወተቱ ለብ ይልና ከግልገል ጨጓራ በሚገኝ ማርጊያ እንዲረጋ ይደረጋል። የረጋው ተቆራርጦ እንደገና ትንሽ ይሞቅና ተጨምቆ አጓቱ ይወጣል። አጓቱ ግን አይደፋም። ብቻውን ተጥዶ ሲሞቅ ከላዩ አናሪ የሚባል ለስላሳ አይብ ይንሳፈፋል፤ አሬራ አሙቀን የምናወጣውን የኛን አይብ ያስታውሳል። አናሪው ከተቀዳ በኋላ የተጨመቀው አይብ ተቆርጦ ወደዚያው ትኩስ አጓት ይመለሳል፤ ከ90 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ቢያንስ 30 ደቂቃ ይቀቀላል። ከዚያ ጨውና የናና ቅጠል ይደረግበትና ሁለት እጥፍ ይታጠፋል። በመጨረሻም ጨው በበዛበት አጓት ውስጥ ይቀመጣል።

የማይቀልጠው ሳይኮመጥጥ ስለሚረጋና እንደገና ስለሚቀቀል ነው። በወተቱ ውስጥ ያለው ካልሲየም ከፕሮቲኑ ጋር እንደተጣበቀ ይቀራል፤ ስለዚህ ምጣድ ላይ ሲደረግ ውጭው ወርቃማ ይሆናል እንጂ አይፈስም። የኛ አይብ ደግሞ ከኮመጠጠ ወተት የሚወጣ በመሆኑ አይቀልጥም፤ ነገር ግን ስለሚፈረፈር ለመጥበስ አይሆንም።

ለእኛ ዋናው ቁም ነገር የጨው ውሃው ነው። በቆጵሮስ ወተት የሚበዛው በጸደይ ነው፤ በደረቁ የበጋ ሙቀት ሣሩም ወተቱም ያንሳል። የሃይማኖቱም ጾም እንደኛው ወተትና አይብ የማይበላበት ጊዜ አለው። ሴቶቹ የተትረፈረፈውን ወተት አይብ አድርገው ጨው ውሃ ውስጥ ስለሚያስቀምጡት ለወራት ይቆያል። በኛ በኩል በዓቢይ ጾም 55 ቀን ላሚቱ መታለቧን አታቆምም፤ ገዢው ግን ይጠፋል። ወተቱ በርካሽ ይሸጣል፤ ወይም ወደ ቅቤ ይሄዳል፤ የቀረው ይበላሻል። በየዓመቱ በመዝገባችን ላይ የአባላት ቁጠባ የሚቀንሰው በነዚሁ ሳምንታት ነው።

ፋብሪካ ሲመጣ

በ20ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ሥራው ከመንደር ጋን ወደ ፋብሪካ ተሻገረ። ብዙ ወተት የሚሰጡ የላም ዝርያዎችም በደሴቲቱ በዙ። የላም ወተት ርካሽና ዓመቱን ሙሉ የሚገኝ ስለሆነ በአይቡ ውስጥ ድርሻው እያደገ ሄደ። በ1974 ደሴቲቱ ለሁለት ስትከፈል ብዙ ሺህ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ፤ የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ ወደ ደቡብ፣ የቱርክኛ ተናጋሪዎቹ ወደ ሰሜን ሄዱ። ወደ እንግሊዝ የተሰደዱትም አይባቸውን ይዘው ሄዱ። ዛሬ ከቆጵሮስ ውጭ ትልቁ የሃሉሚ ገበያ እንግሊዝ ነው። አገሪቱም ከዚህ አይብ በዓመት ከ200 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ታገኛለች።

ገንዘቡ ሲበዛ ክርክሩ መጣ። ሃሉሚ ብሎ መጥራት የሚችለው ማን ነው? በውስጡስ የማን ወተት ነው መኖር ያለበት? ቆጵሮስ በ2014 ለአውሮፓ ኅብረት ማመልከቻ አቀረበች፤ ስሙ የተመዘገበው ከ7 ዓመት ገደማ በኋላ በ2021 ነው። ምዝገባው ሃሉሚና ሄሊም በሚሉት በሁለቱም ስሞች ነው። በመሥመሩ ወዲህና ወዲያ ያሉ አምራቾች ደንቡን ካሟሉ ሁለቱም ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ደንቡ የበግና የፍየል ወተት ድርሻ በመጨረሻ ከላም ወተት እንዲበልጥ ያዛል። የላም አርቢዎች በዚህ ተቆጡ፤ የበግና የፍየል አርቢዎች ደግሞ የድሮው አይብ ይህ ነው አሉ። በቂ የበግና የፍየል ወተት ስላልተገኘ የሽግግር ጊዜ ተሰጠ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናስተውል ይገባል። አይቡን ለዘመናት ያቆዩት ሴቶች ሥራው ፋብሪካ ሲገባ ብዙዎቹ የድርሻ ባለቤት አልሆኑም። ዕውቀታቸው ነበር፤ በስማቸው የተያዘ መዝገብ ግን አልነበረም። ስሙ በሕግ የተጠበቀው ገበያው ከሰፋ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ዛሬም በየመንደሩ በእጃቸው የሚሠሩ እናቶች አሉ፤ የእጅ ሥራቸውም ይወደዳል። ሆኖም ትልቁ ገንዘብ የሚዞረው በሌላ ቦታ ነው።

ሐብሐቡስ?

በቆጵሮስ በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት ቀዝቃዛ ሐብሐብ ከሃሉሚ ጋር መብላት የተለመደ ነው። የጨውና የስኳር መገናኘት አንዱ የሌላውን ጣዕም ያወጣዋል። ሐብሐብ ግን ለኛ ከቆጵሮስ ይልቅ የቅርብ ዘመድ ነው። በ2021 የወጣ የዘር ጥናት በሱዳን ኮርዶፋን የሚበቅለው ሐብሐብ ለዛሬው ሐብሐብ የቅርብ ዘመድ መሆኑን አሳይቷል። በጥንታዊት ግብጽም ይታወቅ ነበር፤ በንጉሥ ቱታንክሃሙን መቃብር ውስጥ ዘሩ ተገኝቷል። እንግዲህ በዚህ ሰላጣ ሳህን ላይ ከጎረቤታችን የወጣ ፍሬና በግብጽ ቃል የሚጠራ አይብ ተገናኝተዋል ማለት ነው።

አሠራሩ (ለ4 ሰው)

ግማሽ ኪሎ የተላጠና ፍሬው የወጣለት ሐብሐብ፣ አንድ ኪያር፣ ግማሽ ቀይ ሽንኩርት በስሱ የተከተፈ፣ አንድ እፍኝ የናና ቅጠል፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት፣ 250 ግራም ሃሉሚ።

ሐብሐቡን በንጹሕ ውሃ ሳይቆረጥ በፊት እጠቡት፤ ቢላዋው የልጣጩን ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይዞ ይገባልና። ከዚያ ቆራርጣችሁ አቀዝቅዙት። ኪያሩንና ሽንኩርቱን ጨምሩ። አይቡን ጣት በሚያህል ውፍረት ቁረጡና በንጹሕ ጨርቅ አድርቁት፤ ርጥብ ከሆነ አይቡ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። መጥበሻውን በመካከለኛ እሳት አግሉ፣ ጥቂት ዘይት ቀቡት፣ በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ደቂቃ ያህል ወርቃማ እስኪሆን ጥበሱ። ሎሚውንና ዘይቱን በሰላጣው ላይ አፍስሱ፣ ናናውን በትኑ፣ አይቡን ከላይ አድርጉና ወዲያው ብሉት። ሲቀዘቅዝ እንደ ጎማ ይሆናል። ጨው አትጨምሩ፤ አይቡ ራሱ በቂ ነው። ሐብሐብ በሌለበት ጊዜ ማንጎ ይሆናል። ሃሉሚ በከተማችን ውድ ስለሆነ የኛን አይብ ሳትጠብሱ ፈርፍራችሁ ጥቂት ጨው አድርጋችሁ ብትጨምሩበትም ያስመሰግናል።

ከዚህ ምን እንይዛለን?

ሃሉሚ እንሥራ ማለታችን አይደለም። በአውሮፓ ስሙ የቆጵሮሶች ነው፤ ያንን ማክበር አለብን። የምንለው በጾም ወራት የሚተርፈውን ወተት በተራ አዋጥተን፣ በእሳት በስሎ በጨው የሚቆይ የራሳችንን አይብ ብንሞክርስ ነው። ለሙከራ የሚያስፈልገው ትልቅ ማሽን አይደለም፤ ትልቅ ድስት፣ የሙቀት መለኪያ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ማርጊያና የምታሠለጥን ባለሙያ ነው። ደጋፊዎቻችንም ይህን አስቡልን።

ሦስት ነገር ግን ከመጀመሪያው ቀን ይያዝ እንላለን። አንደኛ፣ የእያንዳንዷ አባል ወተት በሊትር ተለክቶ ፊርማዋ ያለበት መዝገብ ላይ ይስፈር። ሁለተኛ፣ ድርሻው በስሟ ይሁን፤ በባሏም በልጇም ስም አይሁን። ሦስተኛ፣ ለአይቡ ስም ከወጣለት ስሙ የማኅበሩ ሆኖ ይመዝገብ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ ጌጡ የሚቆየው ግን ሎሚው ሲቆጠር ነው።

በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ይህ ጉዳይ በአጀንዳ ተይዟል። ላም ያላችሁ እህቶች ባለፈው ዓቢይ ጾም በሳምንት ስንት ሊትር እንደተረፋችሁና በስንት እንደሸጣችሁት በወረቀት ጽፋችሁ ይዛችሁ ኑ። ውሳኔው ከዚያ ወረቀት ይጀምራል።