የመርካቶ አወላለድ

በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባ አስቀድሞ ፕላን አልነበራትም። ምኒልክ ለመኳንንቱ ቦታ ሲመሩ፣ በየጌታው ግቢ ዙሪያ ሎሌውና ወታደሩ ጎጆ እየቀለሰ ሰፈር ሆነ። ደጃች ውቤ ሰፈር ከነስሙ ምስክር ነው። ጌታና ሎሌ እኩል ባይሆኑም ጎረቤታሞች ነበሩ።

ከተማዋን በቆዳ ቀለም ለመክፈል ፕላን ያወጣው በ1928 ዓ.ም. የገባው ፋሺስት ነው። ነጩን ለብቻ፣ አበሻውን ለብቻ አለ። ጊዮርጊስ አጠገብ ይውል የነበረውን የአራዳ ገበያም ነቅሎ ወደ ምዕራብ ወሰደው። መርካቶ ተወለደች።

ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተባረረ፤ ገበያው ግን ወደ ጊዮርጊስ አልተመለሰም። ወረቀት ላይ የተሰመረ መስመር ከአስማሪው ይልቅ ዕድሜ አለው። እንግዲህ ሰፈር በተነሣ ቁጥር ልንጠይቅ የሚገባን፣ «ምን ይሠራበታል?» ብቻ ሳይሆን «ጎረቤትስ ከጎረቤቱ ይለያያል ወይ?» ብለንም ነው።