ጥፋቱ የዓይኑ ነው ወይስ የመብራቱ?

እ.ኤ.አ. በ2020 ዓለም በሩን ዘግቶ በተቀመጠበት ወቅት ብዙ ሚሊዮን ሰዎች «አሞንግ አስ» በሚባል የቪዲዮ ጌም ተጠምደው ነበር። ጨዋታው ቀላል ነው። በአንዲት የጠፈር መርከብ ውስጥ በቀለም የሚለያዩ ሠራተኞች ይርመሰመሳሉ፤ ከመካከላቸው የተደበቀ ገዳይ አለ። ሬሳ ሲገኝ ሁሉም ተሰብስቦ ይከራከርና ጥፋተኛ ነው ያለውን በድምፅ ብልጫ ከመርከቧ ያስወጣል። ክርክሩ የሚካሄደው ደግሞ በቀለም ስም ነው፦ ቀዩ ነው፣ አረንጓዴው ነው፣ ቡኒውን እዚያ ጋ አይቼዋለሁ።

እንግዲህ ቀይን ከአረንጓዴ፣ አረንጓዴን ከቡኒ በቅጡ የማይለይ ተጫዋች እዚህ ችሎት ላይ ይቀመጥ። ገዳዩን በዓይኑ በብረቱ አይቶታል፤ ማን እንደሆነ ግን መናገር አይችልም። ቢሳሳት ንጹሑን ያስወጣል፣ ዝም ቢል ራሱ ይጠረጠራል። በዚያው ጨዋታ የተቆረጡ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችን ከየአቻቸው ጋር ማገናኘት የሚጠይቅ ሥራ ነበር። ሽቦዎቹን የሚለያቸው ቀለም ብቻ ነው። ሠሪው ድርጅት ኢነርስሎዝ በዚያው ዓመት በየሽቦው ላይ ትንሽ ምልክት ጨመረበት። የቀለሙ ችግር ያለበት ተጫዋችም ምልክቱን እያየ ማገናኘት ቻለ።

ይህች ምልክት የአንድ ከሰዓት ሥራ ትመስላለች። ወደ እሷ ለመድረስ ግን ከ200 ዓመት በላይ ፈጅቷል።

ስለ ጉዳዩ በሳይንስ ወግ ከጻፉት የመጀመሪያዎቹ አንዱ እንግሊዛዊው ጆን ዳልተን ነው፤ በኋላ በአቶም ንድፈ ሐሳቡ ዝነኛ የሆነው ማለት ነው። በ1794 በማንችስተር የሥነ ጽሑፍና የፍልስፍና ማኅበር ፊት ባቀረበው ጽሑፍ ለእሱ የዛፍ ቅጠልና ቀይ የማኅተም ሰም አንድ ዓይነት ቀለም እንዳላቸው ተናገረ። ወንድሙም እንደዚያው ነበር። ዳልተን ምክንያቱን ሲገምት በዓይኑ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሰማያዊ መሆን አለበት ብሎ ደመደመ፤ ከሞተ በኋላ ዓይኑ ተከፍቶ እንዲታይም ተናዘዘ። በ1844 ሲሞት ሐኪሙ ቃሉን ፈጸመለት፤ ፈሳሹ ግን እንደማንኛውም ሰው ጥርት ያለ ነበር። ግምቱ ስህተት ሆነ፣ ዓይኑ ግን አልተጣለም። በ1995 ተመራማሪዎች ከዚያው ዓይን ዘረመል አውጥተው መረመሩ። አረንጓዴን በዋናነት የሚቀበለው ንጥረ ነገር ጎድሎት ተገኘ። ሰውዬው ሞቶ አንድ ክፍለ ዘመን ተኩል ካለፈ በኋላ መልሱን አገኘ ማለት ነው።

በዳልተን ዘመን ነገሩ የአዋቂዎች ወግ ነበር፤ ማንንም ከሥራ አያፈናቅልም። ባቡር ሲመጣ ግን ሁሉም ነገር ተለወጠ።

በኅዳር 1875 በስዊድን ላገርሉንዳ በተባለ ቦታ ሁለት ባቡሮች ፊት ለፊት ተጋጭተው 9 ሰዎች ሞቱ። የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ፍሪትዮፍ ሆልምግሬን፣ ለአደጋው አንዱ ምክንያት የምልክት መብራቱን ቀለም ያልለየ ሠራተኛ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ተነሳ። መሣሪያው የሱፍ ክር ነበር። ለተመርማሪው ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ክር ይሰጠዋል፤ ከተከመረው ውስጥ የሚመስሉትን ልቀም ይባላል። አረንጓዴውን ትቶ ግራጫና ቡኒ የለቀመ ሰው ወደቀ። ሆልምግሬን 266 የባቡር ሠራተኞችን በዚህ መንገድ ፈትኖ 13ቱ ቀለም እንደማይለዩ አገኘ። ምርመራው በስዊድን ግዴታ ሆነ፣ ቀጥሎም ወደ ሌሎች አገሮች ተዛመተ። በነገራችን ላይ የዘመናችን ተመራማሪዎች የላገርሉንዳው አደጋ በእርግጥ በቀለም ምክንያት መድረሱን ይጠራጠራሉ። ማስረጃው የላላ ነው። ሕጉ ግን በዚያ ላይ ቆመ።

በ1917 ደግሞ ጃፓናዊው ሐኪም ሺኖቡ ኢሺሃራ ዛሬም በየዓይን ክሊኒኩ ያለውን ፈተና አሳተመ፤ በነጠብጣቦች መካከል ቁጥር የተደበቀበት ሥዕል። መነሻው የጃፓን ጦር ምልምሎችን ለመለየት ነበር።

የሆልምግሬን ክርና የኢሺሃራ ነጠብጣብ ሥራቸው አንድ ነው፤ ሰውየውን ከመብራቱ ማራቅ። መንገደኛው እንዳይሞት ሲባል መደረጉ የሚያስወቅስ አይደለም። የሚገርመው ሌላው ጥያቄ ለረጅም ጊዜ በቅጡ አለመነሳቱ ነው፤ ብዙ ወንዶች የሚያምታቱት ጥንድ ቀለም ለምን የሕይወትና የሞት ምልክት ሆኖ ተመረጠ? መልሱ ላይ የተደረሰው ዘግይቶ፣ ያውም በጥገና ነው። የትራፊክ መብራት ዛሬ ቀዩ በአብዛኛው ከላይ ነው፤ አረንጓዴውም ወደ ሰማያዊ ያደላል። ቀለሙ የጠፋበት ሹፌር ቦታውን አይቶ ይቆማል።

ብዙ ወንዶች መባሉ ማጋነን አይደለም። ከሰሜን አውሮፓ ዘር ካላቸው ወንዶች ከ12 አንዱ፣ ከሴቶች ከ200 አንዷ ቀይና አረንጓዴን የመለየት ችግር አለባቸው፤ በሌሎች ሕዝቦች ቁጥሩ ዝቅ ይላል። የቀይና የአረንጓዴ ተቀባዮች ዘረመል የሚገኘው ኤክስ በሚባለው ክሮሞዞም ላይ ነው። ሴት ሁለት ስላላት አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሸፍንላታል፣ ወንድ ግን መተኪያ የለውም። «የቀለም ዕውርነት» የሚለው ስምም ያሳስታል። አብዛኞቹ ቀለም ያያሉ፤ የሚቸግራቸው አንዱን ከሌላው መለየት ነው።

ጌም እዚህ ታሪክ ውስጥ የገባው በተገላቢጦሽ ነው። በ1989 የወጣው የኒንቴንዶ «ጌም ቦይ» ስክሪኑ አራት የግራጫ ደረጃ ብቻ ነበረው። በ1990 «ዶክተር ማሪዮ» የተባለው ጨዋታ ሲወጣ በቴሌቪዥን የሚታየው ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ ክኒን ያሰልፋል፤ በጌም ቦይ ግን ቀለም ስለሌለ ሠሪዎቹ ክኒኖቹን በጥቁረትና በንጣት መለየት ግድ ሆነባቸው። ድህነቱ ሁሉንም እኩል አደረገ። የካርታ ጨዋታ ይህን ከጥንት ያውቀዋል፤ ልብና ዳይመንድ ሁለቱም ቀይ ናቸው፣ ግን ማንም አይምታታባቸውም፤ ቅርጻቸው ይለያል።

ስክሪኑ ቀለም ሲያገኝ ትምህርቱ ተረሳ። በተኩስ ጨዋታዎች ወዳጅ አረንጓዴ፣ ጠላት ቀይ መሆኑ ልማድ ሆነ፤ ቀለም የማይለየው ተጫዋችም የገዛ ጓደኛውን ሲተኩስበት ሰነፍ ተባለ። ያልረሱም ነበሩ። በ2001 የወጣው «ቢጁወልድ» እያንዳንዱን ዕንቁ በቀለም ብቻ ሳይሆን በቅርጽም ለየ። በ2007 «ፔግል» ለእነዚህ ተጫዋቾች የተለየ ምርጫ አካተተ፤ በ2010 «ኮል ኦፍ ዱቲ፦ ብላክ ኦፕስ» ተከተለ። በ2020 «ዘ ላስት ኦፍ አስ 2» ሲወጣ ለልዩ ልዩ ጉዳት ከ60 በላይ ማስተካከያዎች ነበሩት።

ሁሉም መፍትሔ ግን መፍትሔ አይደለም። አንዳንድ ድርጅቶች ስክሪኑን በሙሉ በሌላ ቀለም የሚቀባ ማጣሪያ ሰጥተው ጉዳዩን ዘጉ። ሰማዩ ሐምራዊ ይሆናል፣ የሰው ፊት ይለወጣል፣ ጠላትና ወዳጅ ግን አሁንም ሊመሳሰሉ ይችላሉ። የአንዱ ዓይን ከሌላው ስለሚለይ የተሻለው መንገድ ተጫዋቹ የጠላትን ቀለም ራሱ እንዲመርጥ መፍቀድ ነው፤ ወይም ከቀለሙ ጎን ቅርጽ መጨመር። በ2015 «ስፕላቱን» የቡድኖቹን ቀለም በማይምታታ ጥንድ ላይ የሚያስቀር ምርጫ ይዞ መጥቷል። ርካሽ ነው፣ ይሠራል።

በዚያው ዓመት በአሜሪካ እግር ኳስ የኒውዮርክ ጄትስ ሙሉ አረንጓዴ፣ የቡፋሎ ቢልስ ሙሉ ቀይ ለብሰው በቴሌቪዥን ሲጫወቱ ብዙ ተመልካች ሜዳው ላይ አንድ ቡድን ብቻ ያለ መሰለው። ቅሬታው ጎረፈ፤ ሊጉም ማሊያዎቹ ሲመረጡ ይህ እንዳልታሰበበት አመነ። ከላገርሉንዳ 140 ዓመት በኋላ ማለት ነው፤ ልዩነቱ አሁን ተመርማሪው ማሊያው እንጂ ተመልካቹ አልነበረም።

«አሞንግ አስ»ም በሽቦዎቹ አላበቃም። ከጊዜ በኋላ የሠራተኞቹን ቀለም በጽሑፍ የሚያሳይ ምርጫ ተጨመረበት። ያንን የከፈተ ተጫዋች ችሎቱ ላይ ሲቀመጥ «ቀይ» የሚለው ቃል ተጽፎ ያየዋል፤ እጁን አውጥቶ ማንን እንዳየ ይናገራል።