ትእዛዝ በኮምፒውተር ውስጥ የሚይዘው መልክ

ሰው ለኮምፒውተር የሚጽፈው ትእዛዝ ለዓይን ሲታይ የፊደልና የቍጥር ረድፍ ነው። ነገር ግን ይህ ጽሑፍ በኮምፒውተሩ ውስጥ ምን መልክ ይዞ ይቀመጣል? አስተርጓሚ የሚባለው ፕሮግራምስ እንዴት አድርጎ ያነበዋል? የትምህርት ቤታችንን በዓል ምክንያት በማድረግ የዚህን ጥያቄ ታሪክ ለአንባብያን ባጭሩ ልናቀርብ ወደድን። ዘመናቱ ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

በ1958 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ያስተምር የነበረው ጆን ማካርቲ ሊስፕ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ማዘጋጀት ጀመረ። በዚህ ቋንቋ የሚሠራበት መረጃም ሆነ የሚፈጸመው ትእዛዝ በአንድ ዓይነት መልክ፣ ይኸውም በቅንፍ ውስጥ እንደ ተዘረዘሩ ቃላት ሆኖ ይያዛል። «ሀ»ንና «ለ»ን መደመር ብንፈልግ፣ በእኛ ፊደል ሲጻፍ (ደምር ሀ ለ) እንደ ማለት ነው።

ይህ ዝርዝር በውስጥ ሲቀመጥ ሰንሰለት ይሆናል። አይ.ቢ.ኤም. 704 በተባለው በዚያ ጊዜ ኮምፒውተር እያንዳንዱ የማኅደረ ትውስታ ክፍል 36 ቢት ነበረው፤ ከዚህም 15ቱ ቢት ቃሉ ያለበትን አድራሻ፣ ሌሎች 15 ቢቶች ደግሞ ቀጣዩ ቀለበት ያለበትን አድራሻ ይይዙ ነበር።

ማካርቲ ማንኛውንም የሊስፕ ትእዛዝ አንብቦ ውጤቱን የሚሰጥ «ኢቫል» የተባለ ደንብ ጻፈ፤ ጥናቱም በ1960 ዓ.ም. ታተመ። ደንቡን የጻፈው ለንድፈ ሐሳብ እንጂ በኮምፒውተር ላይ እንዲሠራ ብሎ አልነበረም። ባልደረባው ስቲቭ ራስል ግን ደንቡን ወደ አይ.ቢ.ኤም. 704 የራሱ ቋንቋ በእጁ መልሶ አሠራው። የሊስፕ አስተርጓሚም በዚህ ዓይነት ተገኘ።

ጥቅሙ ታላቅ ነው፤ ትእዛዙ ራሱ ዝርዝር ስለ ሆነ አንድ ፕሮግራም ሌላውን ሊያነበው፣ ሊፈታው፣ አዲስም ሊሠራ ይችላል። ጕዳትም አለው፤ አንድ ትእዛዝ ሺህ ጊዜ ቢደጋገም አስተርጓሚው ያንኑ ሰንሰለት ሺህ ጊዜ እየተከተለ ስለሚመረምር ሥራው ይዘገያል።

ስለዚህም ከዚያ በኋላ የተነሡ ብዙ ቋንቋዎች ሌላ መንገድ መረጡ። ሆላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሰም በ1991 ዓ.ም. ያወጣው ፓይተን ጽሑፉን አስቀድሞ ባይትኮድ ወደሚባሉ፣ በቍጥር ወደ ተመለከቱ አጫጭር ትእዛዞች ይለውጠዋል። የቀድሞው ድመራ በዚህ አሠራር «ሀን አምጥተህ አስቀምጥ፤ ለን በላዩ ደርብ፤ ሁለቱን አንሥተህ ደምር፤ ውጤቱን በቦታቸው አኑር» እንደሚል ተራ ይሆናል። አስተርጓሚውም ሰንሰለት መከተል ሳያስፈልገው ተራውን ጠብቆ ይፈጽማል።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፣ አንድ ነገር የሚቀመጥበት መልክ ሊሠራበት የሚቻለውን ሥራ የሚወስን መሆኑን ነው። ሰንሰለቱ ለመለወጥ ይመቻል፤ ተራው ለመፈጸም ይፈጥናል። ስለዚህ እኛ ተማሪዎች ትእዛዞችን በቃላችን ከመያዝ አልፈን፣ የጻፍነው ነገር በውስጥ ምን እንደሚሆን ልንጠይቅ ይገባናል፤ ፕሮግራማችን ሲዘገይ ምክንያቱን ለማግኘት የሚያስችለን ይህ ዕውቀት ነውና።