አዳማ የክልል መንግሥት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን

በሰኔ 1997 ዓ.ም. መጀመሪያ የኦሮሚያ ገዢ ፓርቲ የነበረው ኦሕዴድ የክልሉ መንግሥት መቀመጫ ከአዳማ ወደ ፊንፊኔ (አዲስ አበባ) እንደሚመለስ አስታወቀ። የግንቦት 7ቱ ምርጫ ካለፈ ገና አንድ ወር አልሞላም፤ በአዲስ አበባ ተቃዋሚው ቅንጅት ማሸነፉ የአገሩ ሁሉ ወሬ ነበር። አዳማ የኦሮሚያ ርዕሰ ከተማ ከሆነች ያኔ አምስት ዓመቷ ነው። የእነዚያ አምስት ዓመታት ታሪክ የፌዴራል ሥርዓት አስፈጻሚ አካል በሕግ እንዴት እንደተዋቀረ፣ በተግባር ደግሞ ትእዛዙ ከየት እንደሚመጣ ያሳያልና ዛሬም ሊነገር ይገባዋል።

ሕጉ እንዲህ ይላል

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት የፌዴራሉም የክልሉም መንግሥት ለየራሱ ሕግ አውጪ፣ አስፈጻሚና ዳኛ እንዲኖረው ደንግጓል። በፌዴራል ደረጃ ከፍተኛው የአስፈጻሚነት ሥልጣን የጠቅላይ ሚኒስትሩና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው፤ ተጠሪነታቸውም ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። የሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶቹ ብዛት የሚወሰነው ግን በአዋጅ ነው። ስለዚህም በ2011 ዓ.ም. ከ28 ወደ 20 ዝቅ ብሎ በ2014 ዓ.ም. 22 ሆኗል።

በኦሮሚያም ሥርዓቱ ተመሳሳይ ነው። የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል ጨፌ የሚባለው የክልሉ ምክር ቤት ነው። ፕሬዚዳንቱን የሚመርጠው፣ ካቢኔውንም የሚያጸድቀው እርሱ ነው። ከዚያ በታች ዞን፣ ወረዳና ቀበሌ አሉ። አዳማ የምሥራቅ ሸዋ ዞን መቀመጫ ስትሆን የራሷም ከተማ አስተዳደር አላት። የዞኑን አስተዳዳሪ የሚሾመው ክልሉ ነው፤ የወረዳውን ምክር ቤት ግን የሚመርጠው ነዋሪው ነው።

ሁለቱ መንግሥታት በስምጥ ሸለቆው ከተሞች ጎን ለጎን ይሠራሉ። አዋሽ ከኦሮሚያ ወደ አፋር የሚወርድ ወንዝ ስለሆነ አጠቃቀሙን የሚወስነው ፌዴራሉ ነው። የሞጆ ደረቅ ወደብና በ2007 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድም በፌዴራል ተቋማት እጅ ናቸው። ትምህርት ቤቱና ጤና ጣቢያው ደግሞ የክልሉ ናቸው። በመሬት ጉዳይ ሁለቱ ይገናኛሉ፤ ሕጉን ፌዴራሉ ያወጣል፣ መሬቱን ክልሉ ያስተዳድራል። የባቱም ሆነ የሻሸመኔ ሰው አቤቱታ ሲኖረው መጀመሪያ የሚጠይቀው ጉዳዩ የማን እንደሆነ ነው።

መቀመጫው ሲነሣ

አዳማ የባቡር ልጅ ናት። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የጂቡቲ ሐዲድ ሲያልፍባት ከተማ ሆና ቆመች። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ናዝሬት ተባለች፤ ዛሬም ብዙ ሰው በዚህ ስም ይጠራታል። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ መራቋና የሐረርና የአርሲ መንገዶች መገናኛ መሆኗ ለንግድም ለቢሮም ምቹ አድርጓታል።

በ1992 ዓ.ም. የክልሉ መንግሥት መቀመጫ ወደ አዳማ እንዲዛወር ሲወሰን፣ መንግሥት የሰጠው ምክንያት አዲስ አበባ ለኦሮሞ ቋንቋ፣ ባህልና ታሪክ ማደግ አትመችም የሚል ነበር። ተቃዋሚዎቹ የታያቸው ሌላ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 49 ኦሮሚያ በአዲስ አበባ ላይ ልዩ ጥቅም እንዳላት ይደነግጋልና፣ ክልሉ መንግሥቱን ከከተማዋ ካወጣ ያ መብት ባለቤት ያጣል ብለው ሠጉ። የኦሮሞዎች የሜጫና ቱለማ ማኅበር ተቃውሞውን አስተባበረ። በ1996 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኦሮሞ ተማሪዎች ተቃውሟቸውን ሲያሰሙ ብዙዎቹ ታሰሩ፤ ከትምህርታቸውም ተባረሩ።

ይህ ሁሉ ሲሆን በክልሉ አመራር ላይም ለውጥ ነበር። ኩማ ደመቅሳ ፕሬዚዳንት ሳሉ የጀመረው ዝውውር በ1994 ዓ.ም. ሥልጣን ወደ ያዙት ጁነዲን ሳዶ ተሻገረ። በዚያው ዓመት የተሻሻለው የክልሉ ሕገ መንግሥት አዳማን ርዕሰ ከተማ አድርጎ ጻፋት። በ1997 ዓ.ም. ግን ውሳኔው ተገለበጠና ቢሮዎቹ ወደ ፊንፊኔ ተመለሱ።

የሚያሳስበኝ ይህ ነው። በሕጉ መሠረት የክልሉ የበላይ አካል ጨፌው ነው፤ አስፈጻሚውም የሚጠየቀው በእርሱ ፊት ነው። የመቀመጫው መመለስ ግን አስቀድሞ የተሰማው ከገዢው ፓርቲ ነው። ተማሪዎች የታሰሩበት፣ ሠራተኛ ቤቱን ነቅሎ የሄደበት ጉዳይ ምርጫው ባለፈ በሳምንታት ውስጥ ሲገለበጥ፣ ጨፌው የተወሰነውን ከማጽደቅ ያለፈ ድርሻ አልታየበትም። የልዩ ጥቅሙ ዝርዝር ሕግም እስከ ዛሬ አልወጣም፤ ረቂቁ በ2009 ዓ.ም. ለተወካዮች ምክር ቤት ቀርቦ ሳይጸድቅ ቀርቷል።

ዛሬ የክልሉ አስፈጻሚ ፊንፊኔ ነው፤ ጨፌው ግን ጉባኤውን በአዳማው አዳራሹ ያካሂዳል። የሕግ አውጪና የአስፈጻሚ በሁለት ከተማ መሆን በራሱ ነውር የለውም። ደቡብ አፍሪካም ፓርላማዋ ኬፕ ታውን፣ አስፈጻሚዋ ፕሪቶሪያ ነው። ዋናው ቁም ነገር በሁለቱ መካከል ያለው ጥያቄና መልስ ነው። ፕሬዚዳንቱና የቢሮ ኃላፊዎቹ አዳማ ወርደው ለምን እንዳደረጉና ለምን እንዳላደረጉ በሕዝብ ተመራጮች ፊት በእውነት ከመለሱ፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የጻፈው አወቃቀር ሕይወት አለው። ጨፌው ከፓርቲ ስብሰባ የወጣውን እጅ ብቻ እያወጣ የሚያሳልፍ ከሆነ ግን የመቀመጫው ስፍራ የትም ቢሆን ለዜጋው ልዩነት አያመጣለትም። ከአዳማ አምስት ዓመታት የምንማረው ይህን ነው፤ ስለዚህም ወደፊት እንዲህ ያለ ውሳኔ ሲመጣ አስቀድሞ በጨፌው፣ በግልጽ፣ ሕዝብ እየሰማ ሊመከርበት ይገባል።